የላይኛው ሰው ጎርፍ፣ የታችኛው ሰው ሐቅ፦ ከወንዛዬ እስከ ፎገራ ሜዳ

«የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በበጋ የሚወጣው የእርከን ዘመቻና በክረምት የሚተከለው ችግኝ ነው። ቀበሌ ሲጠራ የሚጀመር፣ ሪፖርት ሲላክ የሚያልቅ የመንግሥት ሥራ አድርገን እናየዋለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ የዲን ጉዳይ ስላልመሰለን ከሶላትና ከዘካ ጋር አያይዘን አስበነው አናውቅም።

ጉዳዩ ግን ከዚያ ይቀርበናል። የአንድ ሰው ማሳ ላይ የተጀመረ ጎርፍ በሌላ ሰው ማሳ ላይ ያልቃል። አንዱ ለቆ የተወው አፈር የሌላውን ወንዝ ይደፍናል። ስለዚህ የተፈጥሮ ሀብትን መጠበቅ ማለት በመጀመሪያ ደረጃ የጎረቤትን ሐቅ መጠበቅ ማለት ነው። ይህን በደንብ የሚያሳይ ቦታ ቢፈለግ በደቡብ ጎንደር ከጉና ተራራ ተነስቶ በወንዛዬ በኩል ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና የሚወርደው የውሃ መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያንን ውሃ ተከትለን እንወርዳለን።

የተፈጥሮ ሀብት ስንል ምን ማለታችን ነው?

የተፈጥሮ ሀብት የሚባለው የሰው እጅ ሳይሠራው አላህ (ሱ.ወ) በምድር ላይ አዘጋጅቶ የሰጠን፣ ለሕይወታችን የምንገለገልበት ነገር ሁሉ ነው። አፈር፣ ውሃ፣ ደን፣ የግጦሽ ሣር፣ ዓሣ፣ የዱር እንስሳት፣ ድንጋይና አሸዋ፣ ማዕድን፣ የፀሐይ ብርሃንና ነፋስ ከዚህ ይመደባሉ።

በትምህርት ቤት እነዚህን በሁለት ከፍለን ተምረናል። ታዳሽ የሚባሉት ተጠቅመንባቸው ራሳቸውን የሚተኩ ናቸው፤ ውሃ፣ ደንና ሣር እንደ ምሳሌ ይጠቀሳሉ። አላቂ የሚባሉት ደግሞ እንደ ነዳጅና ማዕድን አንድ ጊዜ ከወጡ የማይመለሱ ናቸው።

ክፍፍሉ ትክክል ቢሆንም አንድ ነገር ካልተጨመረበት ያሳስታል። አብዛኛው ታዳሽ ሀብት ታዳሽ የሚሆነው እኛ የምንወስድበት ፍጥነት እሱ ከሚተካበት ፍጥነት ሳይበልጥ ብቻ ነው። ሣር ከብት ሲግጠው ይበቅላል፤ ሥሩ እስኪነቀል ከተጋጠ ግን አይበቅልም። ዓሣ ይራባል፤ እንቁላል ሊጥል ሲወጣ መንገድ ላይ ከተጠመደ ግን አይራባም።

አፈርን እንውሰድ። አንድ ሳንቲ ሜትር ለም አፈር ከድንጋይ ተፈርፍሮ፣ ከበሰበሰ ቅጠልና ሥር ጋር ተዋሕዶ እስኪሠራ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። የሚጠፋው ግን በጥቂት የክረምት ዝናብ ነው። ከአንድ ሄክታር ማሳ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ብቻ ቢታጠብ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህም በክብደት 12 ቶን ያህል ነው። በአንድ አህያ 60 ኪሎ ቢጫን 200 የአህያ ጭነት ማለት ነው። ገበሬው 200 አህያ ሙሉ አፈር ከማሳው ሲወጣ ቢያይ ዱላ ይዞ ይነሳ ነበር። አንድ ሚሊ ሜትር ግን በዓይን አይታይም።

ወንዛዬ፦ ፈሰስና ቦረቦር

ወንዛዬ በደራ ወረዳ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለች፣ በፍል ውሃዋ የምትታወቅ ስፍራ ናት። ከሩቅም ከቅርብም ሰው ለፈውስ ይመጣባታል። ዙሪያዋ ተዳፋት እርሻ ነው፤ ከዚያ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ወደ ጉማራ፣ ጉማራም ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና ይሄዳል።

በዚህ አካባቢ ገበሬው በክረምት ማሳው ላይ በማረሻ ጠለቅ ያለ ትልም ያወጣል፤ ፈሰስ ይለዋል። ሥራው ትርፍ ውሃን ከማሳው ማስወጣት ነው። ዝናብ ሲበረታ ውሃ ማሳው ላይ ከተኛ ጤፉ ይቢጫል፣ ዘሩም ይታጠባል። ስለዚህ ፈሰስ የስንፍና ሳይሆን የልምድ ሥራ ነው፤ አባቶች ያወረሱት፣ ጥቅሙም ለገበሬው በዓይን የሚታይ ነው።

ችግሩ ውሃው ከማሳው ሲወጣ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። በማሳው ላይ ሁሉ ተበትኖ ቀስ ብሎ ይወርድ የነበረው ውሃ በፈሰስ ሲሰበሰብ ጉልበት ያገኛል። ትልሙ በጣም ተዳፋት ከሆነ ራሱን እየቦረቦረ ይጠልቃል። ትልሙ የሚያበቃው የጎረቤት ድንበር ላይ ከሆነ ደግሞ ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ነጥብ ላይ ይወድቃል፤ እዚያ ላይ ቦረቦር ይጀምራል። ቦረቦር አንዴ ከተከፈተ በየክረምቱ ወደ ላይ እየበላ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ፈሰሱን ያወጣውን ሰው ማሳ ራሱን ይደርስበታል። በወንዛዬ ዙሪያ የተደረጉ የመስክ ጥናቶችም ቦረቦር መከፈትን ከእነዚህ የውሃ ማስወገጃ ትልሞች ጋር አያይዘውታል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ለገበሬው «ፈሰስ ተው፣ እርከን ሥራ» ማለት ቀላል ነው። የድንጋይ እርከን ግን ከጠባብ ማሳ ላይ መሬት ይወስዳል፣ ጉልበት ይፈጃል፣ አይጥም ይሸሸግበታል። ውሃ የሚያቁር ጥቁር አፈር ላይ እርከን ብቻ ከተሠራም ሰብሉ በውሃ ይጎዳል። ስለዚህ መፍትሔው አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ አይደለም። ትርፉ ውሃ መውጣት አለበት፤ የሚወጣበት መንገድ ግን ለዘብ ያለ ተዳፋት ያለው፣ መጨረሻውም ሣር የለበሰ የጋራ የውሃ መውረጃ መሆን አለበት። ያንን መውረጃ ደግሞ አንድ ገበሬ ብቻውን ሊያወጣው አይችልም። የላይኛውና የታችኛው ማሳ ባለቤቶች ክረምት ሳይገባ ተቀምጠው ሊስማሙበት ይገባል።

ፎገራ ሜዳ፦ የላይኛው አፈር ታች ሲደርስ

ጉማራና ርብ ከጉና አካባቢ ከፍታዎች ተነስተው ወደ ምዕራብ ይወርዳሉ። የጉና ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። በዚህ አጭር ርቀት ይህን ያህል ከፍታ የሚወርድ ውሃ ጉልበቱ ከባድ ነው። ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ይደክማል፤ የተሸከመውንም ያራግፋል። ፎገራ ሜዳ ራሱ በዚህ መንገድ ለረጅም ዘመን ከላይ በወረደ ደለል የተሠራ ነው።

«እንግዲያውስ የላይኛው አፈር መታጠቡ ለታችኛው ሰው በረከት አይደለምን?» የሚል ሊኖር ይችላል። በቀድሞው ልክ ቢሆን ኖሮ እውነት ነበር። ስስ ደለል ቀስ ብሎ ሲተኛ ማሳን ያለማል። ተራራው ሲራቆት ግን የሚወርደው ስስ ደለል ብቻ አይደለም፤ አሸዋና ጠጠር አብሮ ይወርዳል፣ ውሃውም በአንድ ጊዜ ይመጣል። አሸዋው በወንዙ ወለል ላይ ሲከማች ወንዙ ውሃ የሚይዝበት ቦታ ይጠባል። ያኔ ውሃው ዳሩን ሰብሮ ወደ ቤትና ወደ ሰብል ይገባል። በ1998 ዓ.ም ክረምት በፎገራ የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል፤ በ2012 ዓ.ም ክረምት ማብቂያም በጣና ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች እንደገና በውሃ ተጥለቅልቀዋል።

በርብ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እንዲይዝ የታቀደ ነው። ዓላማው ጎርፉን ገትቶ በበጋ ሜዳውን ማጠጣት ነው። ሆኖም ግድብ ውሃን ብቻ አይይዝም፤ ውሃው የተሸከመውን አፈርም ይይዛል። ከላይ ያለው መሬት ካልተጠበቀ በብዙ ገንዘብ የተሠራው የውሃ ማጠራቀሚያ ቀስ በቀስ የአፈር ማጠራቀሚያ ይሆናል። ፋርጣ ወይም እብናት ላይ የሚሠራ እርከን ለፎገራ ሰው የግድቡ ዕድሜ ነው ማለት ይቻላል።

ሜዳው ላይ ያለው ሽሚያ

ይህ ሲባል ጥፋቱ ሁሉ ከላይኛው ሰው ነው ማለት አይደለም። ሜዳው ላይ ያለውም ሰው የራሱ ድርሻ አለው።

ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ነው። ውሃ የሚተኛበትና ለሌላ ሰብል የማይመች የነበረው መሬት ለሩዝ ተስማማ። ዛሬ የወረታ ከተማ ኑሮ ከሩዝ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ወፍጮው፣ ነጋዴው፣ ጫኝና አውራጁ ከእሱ ይበላል። የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚያው ይገኛል። ሩዝ ለብዙ ድሃ ቤተሰብ መውጫ ሆኗል፤ ይህ የሚካድ አይደለም።

ነገር ግን ሩዝ የተዘራበት መሬት ቀድሞ ባዶ አልነበረም። የውሃ መተኛ፣ የግጦሽ ሣርና የወፎች ማረፊያ ነበር። በወተቷ የታወቀችው፣ ረግረግ የለመደችው የፎገራ ላም ከዚህ ሣር ጋር የኖረች ናት። ግጦሹ ሲታረስ ከብቱ ወደ ሩዝ ገለባ ዞረ፤ ቁጥሩ ቀነሰ፣ ከሌላ ዝርያም ጋር ተደባለቀ። ዝርያዋ እንዳትጠፋ ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል መንጋ ይዞ ይሠራል። ወላላና ሸሸር የተባሉት ረግረጋማ ቦታዎችም በእርሻ መስፋፋትና ውሃቸው በመሳቡ እየጠበቡ ሄደዋል። ረግረግ ደግሞ ሥራ ፈት መሬት አይደለም። በክረምት ጎርፉን እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፣ ደለሉን ያጣራል፣ በበጋም እርጥበቱን ያቆያል።

በበጋ ደግሞ ሌላ ሽሚያ አለ። በርብና በጉማራ ዳር የሞተር ፓምፕ ተደርድሮ ሽንኩርትና ሌላ አትክልት ያጠጣል። ከላይ ያለው ያለ ልክ ሲስብ ከታች ያለው ደረቅ አሸዋ ይጠብቀዋል። ክረምት ላይ በትርፍ ውሃ የተጎዳው የታችኛው ሰው በበጋ በውሃ እጦት እንደገና ይጎዳል ማለት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ጣና አለ። ከሐይቁ ነጫጭ ዓሦች ብዙዎቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። ከእነሱም ጥቂት የማይባሉት በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣሉ። በወንዝ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ ወይም የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲጨመር የሚያልቀው የዛሬው ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚመጣውም ትውልዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና የታየው እምቦጭም ከማሳ ታጥቦ በሚገባ ማዳበሪያና ደለል ይበረታል። በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ስፋቱን እጥፍ ማድረግ የሚችል አረም ነው፤ በእጅና በማሽን ሲነቀል መልሶ የሚመጣውም ምግቡ ከላይ ስለማይቋረጥ ነው። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። መዝገብ ግን አረም አያቆምም።

ሸሪዓው ስለ ጋራ ሀብት ምን ይላል?

ከላይና ከታች ባሉ ሰዎች መካከል ያለው የውሃ ጉዳይ ለእስልምና አዲስ አይደለም። በመዲና መህዙር በሚባለው የጎርፍ ሸለቆ ላይ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡት ፍርድ በሐዲስ መጻሕፍት ተመዝግቧል። ከላይ ያለው ሰው ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት እስኪደርስ ማሳውን ያጠጣል፤ ከዚያም ከታች ላለው ይለቃል። ልብ እንበል፤ ፍርዱ የላይኛውን ሰው ቀዳሚነት አልነፈገውም። ነገር ግን ወሰን አበጀለት፤ ወሰኑም በእግር የሚለካ፣ ማንም የሚያየው ግልጽ ልክ ነው። ዛሬ ፓምፕ ለሚያስነሳ ሰው ይህ ልክ በሰዓትና በተራ ሊወሰን ይችላል።

ሌላው መሠረት ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪ መሆናቸውን የሚገልጸው ሐዲስ ነው። ፉቀሃዎችም ጉዳት ማድረስም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ እንደማይፈቀድ ትልቅ መርሕ አድርገው ይዘውታል። «በማሳዬ የፈለግሁትን ባደርግ ማን ያገባዋል?» ለሚል መልሱ እዚህ አለ። ማሳው የእሱ ነው፤ ከማሳው ወጥቶ የጎረቤቱን ቡቃያ የሚጠርገው ጎርፍ ግን የእሱ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

ጥብቅ ቦታን በተመለከተም ትልቅ ትምህርት አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አን-ነቂዕ የተባለውን ቦታ ለጋራ ጥቅም ሒማ አድርገው ከልለዋል። ከሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ የሒማውን ጠባቂ ሲሾሙ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ሰው እንዲያስገባ፣ እንደ ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና እንደ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ያሉትን ባለጸጎች መንጋ ግን እንዳያስገባ አዘዋል። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር። ባለጸጋው ከብቱ ቢያልቅበት የሚመለስበት እርሻና ተምር አለው፤ ድሃው ግን ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው ደጅ ይመጣል።

ይህ ዛሬ ተራራ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሁን ሲባል የሚነሳውን ጥያቄ ይመልሳል። አንድ ላም ብቻ ያላት እናት ግጦሹ ሲዘጋባት ወዴት ትሂድ? ጥበቃ ድሃውን ከከፈለው መልሶ ይፈርሳል፤ በሌሊት ከብት ይገባበታል። ሣሩ ታጭዶ ቅድሚያ ለአቅመ ደካማው ከተሰጠ ግን ድሃው ራሱ የጥብቁ ቦታ ዘበኛ ይሆናል።

ምን እናድርግ?

በተዳፋት ላይ የሚያርስ ወንድማችን ክረምት ሳይገባ የፈሰሱን መጨረሻ ሄዶ ይመልከት። ውሃው የሚወድቀው ጎረቤት ማሳ ላይ ከሆነ ከጎረቤቱ ጋር ተነጋግሮ የጋራ መውረጃ ያበጅ፤ በእርከኑ ላይ ዴሾ ወይም ዝሆኔ ሣር ቢተክል ያጣውን መሬት በከብት መኖ ይመልሳል። የተጀመረ ቦረቦር ካለ ገና ጉልበት ሳይበልጥ በድንጋይና በእንጨት ክትር ይገታ።

በሜዳው ላይ ያለው ወንድማችን የወንዙን ዳር እስከ ውሃው አፍ አይረስ። ዳሩ ላይ ያለው ሣርና ቁጥቋጦ ማሳውን ከወንዙ የሚጠብቅ አጥር ነው። የፓምፕ ተራ በመንደሩ ሽማግሌዎች ይወሰን፤ ማዳበሪያም ባለሙያው ከሚለው ልክ አይለፍ፤ ትርፉ ገንዘብን ወደ ጣና ማፍሰስና እምቦጭን መቀለብ ነውና።

በወረታ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በሌላ ከተማ ያለነውስ? ከውዱእ እንጀምር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል፤ ይህም ከአንድ ሊትር በታች ነው። በደቂቃ 6 ሊትር የሚያፈስ ቧንቧ ከፍቶ ለ2 ደቂቃ የሚታጠብ ሰው 12 ሊትር ያፈሳል። በአንድ ጁሙዓ 300 ሰው እንዲህ ቢያደርግ 3,600 ሊትር ይሄዳል። እያንዳንዱ በአንድ ሊትር ቢያደርግ 300 ሊትር ይበቃ ነበር። ልዩነቱ 3,300 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 165 ነው። የመስጂድ ኮሚቴዎች ቧንቧውን ቀጠን አድርጎ የሚያፈስ ቢያደርጉትና የውዱእ ውሃው ወደ ግቢው ችግኝ እንዲሄድ ቦይ ቢያበጁለት በትንሽ ወጪ ትልቅ ሥራ ይሆናል።

ችግኝን በተመለከተም አንድ ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ በበላ ቁጥር ሰደቃ እንደሚጻፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ሰደቃው የታሰበው ግን ከሚበላበት ዛፍ ነው፤ ሐምሌ ላይ ተተክሎ ጥር ላይ ከደረቀ ችግኝ ማንም አይበላም። አሥር ተክሎ አሥሩን ማሳደግ መቶ ተክሎ ከመርሳት ይሻላል።

ዓሊሞቻችንና ኢማሞቻችን ደግሞ ከሁላችን የሚበልጥ ድርሻ አላቸው። የልማት ሠራተኛው ስለ እርከን ሲናገር የማይሰማው ሰው ስለ ጎረቤት ሐቅ በኹጥባ ሲነገረው ሊሰማ ይችላል። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ የጁሙዓ ኹጥባ ስለ ፈሰስ፣ ስለ ቦረቦርና ስለ ታችኛው ሰው ማሳ ቢሆን ብዙ ጠብ ከመጀመሩ በፊት ይበርዳል።

የቂያማ ቀን ስለ መሬት ድንበር የምንጠየቅ መሆናችንን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሰው መሬት ስንዝር መቁረጥን እንፈራለን። በጎርፍ የተጠረገውም መሬት እኮ መሬት ነው። በቆረጥነው ስንዝር የምንጠየቅ ከሆነ፣ ልናቆመው እየቻልን ለቀን በተውነው ጎርፍ ስለሄደው የጎረቤት ማሳም ራሳችንን ዛሬውኑ መጠየቅ ይገባናል።

አላህ አማናውን የምንጠብቅ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።